«ማርሚታ ነው ብሎኝ ነበር»፦ መጠገንና መሥራት በጦር መሣሪያ ሕጋችን

(በቀድሞ ተማሪዎች ማኅበር መገናኛ ላይ፣ ሐዋሳ ቡሹሎ፣ ሐይቁ ዳር የቀረበ ንግግር። ለኅትመት እንዲመች በጥቂቱ ተስተካክሏል።)



አዘጋጆቹ «ሃያ ደቂቃ አለህ፤ ከሥራህ አንድ ነገር ንገረን፤ ብቻ እንዳታስተኛን» ብለውኛል። ለሕግ ሰው ይሄ ቀላል ትእዛዝ አይደለም። ዓሣው ተበልቶ፣ ከሐይቁ ነፋስ እየመጣ፣ ማን ነው አንቀጽ የሚሰማ? ግን እሞክራለሁ።

ቡሹሎን የመረጣችሁ እግዜር ይስጣችሁ። ተማሪ ሳለን ቡሹሎ ማለት ለብዙዎቻችን ወይ ጤና ጣቢያው ነው፣ ወይ ቅዳሜ ከሰዓት በእግር መጥተን ሐይቁን በሌላ ወገን የምናይበት ቦታ ነው። ዛሬ ከተማው እዚህ ድረስ መጥቷል። መንገዱን ስትመጡ እንዳያችሁት ብየዳ ቤቱ፣ ጎማ ቤቱ፣ የባጃጅ ጋራዡ ተደርድሯል። የዛሬው ወሬዬም የሚነሣው እንዲህ ካለ ቤት ነው።

አንድ ልጅ አለ፤ ስሙን አልጠራም። በያጅ ነው። ሙያውን በትምህርት ቤት ጀምሮ በሥራ ላይ የጨረሰ፣ እጁ የተባረከ ልጅ ነው። የእኔን መኪና ማርሚታ ሁለት ጊዜ ሠርቶልኛል። አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ደወለልኝ።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት ነበር።»

«ጠይቅ።»

«አንድ ሰውዬ በጨርቅ የተጠቀለለ ቱቦ አምጥቶ ‹የሞተር ሳይክል ማርሚታ ነው፣ ተሰንጥቋል፣ በይድልኝ› አለኝ። እኔ ስንት ማርሚታ ሠርቻለሁ። ይሄ ማርሚታ አይደለም፤ የሚሸተው ባሩድ ነው። ‹ነገ ተመለስ› ብዬ ከነዕቃው መለስኩት። ጥሩ ይከፍላል። ብበይደው ችግር አለው እንዴ? እኔ መሣሪያ አልሠራሁ፤ ስንጥቅ ነው የምደፍነው።»

እንግዲህ ያ ቱቦ በፊልም የምናየው፣ በሽጉጥ ወይም በጠመንጃ አፈሙዝ ላይ የሚገጠመው ድምፅ መቀነሻ፣ ሰዉ «ሳይለንሰር» የሚለው ነበር። እኔ ስንት ዓመት ጥብቅና ቆሜ መልሱን ወዲያው አላወቅሁትም። «እስከ ነገ አትንካው፤ አይቼ እነግርሃለሁ» አልኩት። ስልኩን ዘግቼ መጻሕፍቴ ፊት ተቀመጥኩ። ዛሬ የማወራችሁ የዚያን ሌሊት ንባብ ነው።

መጀመሪያ ስለ ዕቃው ጥቂት ልበል። ልጁ «ማርሚታ አይደለም» ቢልም፣ ሁለቱ ዘመዳሞች ናቸው። ድምፅ መቀነሻን እ.ኤ.አ. በ1909 በአሜሪካ የፈጠራ መብት ያወጣበት ሂራም ፐርሲ ማክሲም የሚባል መሐንዲስ ነው። አባቱ የማክሲም መትረየስን የፈለሰፈው ሰው ነው። አባት የሚያጓራውን ሠራ፣ ልጅ ዝም ማሰኛውን ሠራ ማለት ነው። የልጁ ኩባንያ በዚያው ሐሳብ የሞተር ድምፅ መቀነሻም ያመርት ነበር። ሁለቱም ትኩስ ጋዝ በአንድ ጊዜ ፈንድቶ እንዳይወጣ ይይዙታል፣ ያቀዘቅዙታል፣ ቀስ ብለው ይለቁታል። የፊልሙ «ፒስ» የምትል ድምፅ ግን ተረት ናት። ጥሩ የሚባለውም ቢሆን ከ20 እስከ 35 ዴሲቤል ያህል ቢቀንስ ነው፤ ከድምፅ ፍጥነት በላይ የሚሄድ ጥይት ደግሞ አየሩን ሲሰነጥቅ የራሱ ጩኸት አለው። በኖርዌይ አዳኞች ለጆሯቸው ጤና ሲሉ እንደ ተራ ዕቃ ገዝተው ይጠቀሙበታል። ስለዚህ ዕቃው በራሱ ሰይጣን አይደለም። ጥያቄው የእኛ ሕግ ምን ይለዋል ነው።

የእኛ ሕግ በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 ነው። ከዚያ በፊት ነገሩ በየቦታው ተበታትኖ ነበር። የወንጀል ሕጉ ሕገ ወጥ የመሣሪያ ዝውውርን በአንቀጽ 481 ይከለክላል፤ ማን ይፈቅዳል፣ ማን ይመዘግባል፣ ማን ይቆጣጠራል የሚለውን ግን በአንድ ቦታ አሰባስቦ የሚመልስ ሕግ አልነበረንም። አዋጁ የቆመበት ምሰሶ አንድ ቃል ነው፤ ፈቃድ። ተቆጣጣሪው ፌዴራል ፖሊስ ነው። ፈቃድ የሌለው ሰው መሣሪያ መያዝም ሆነ በመሣሪያ ሥራ መሰማራት አይችልም። በሌላው የሕይወታችን ክፍል «ያልተከለከለ ሁሉ የተፈቀደ ነው» እንላለን። እዚህ ግን ተገልብጧል፤ ያልተፈቀደ ሁሉ የተከለከለ ነው።

ታዲያ የተሰነጠቀ ድምፅ መቀነሻ «መሣሪያ» ነው ወይ? አይተኮስበትም፣ ጥይት አይጎርስም። ብቻውን ሲታይ ባዶ ቱቦ ነው።

እዚህ ላይ ወደ ዓለም አቀፉ ሕግ መሻገር ግድ ይላል። የተባበሩት መንግሥታት የጦር መሣሪያ ፕሮቶኮል እ.ኤ.አ. በ2001 ጸደቀ፣ በ2005 ሥራ ላይ ዋለ። ኢትዮጵያ በ2012 እ.ኤ.አ. ተቀብላዋለች። ፕሮቶኮሉ በአንቀጽ 3 «ክፍሎችና አካላት» የሚላቸውን ሲዘረዝር አፈሙዙን፣ ቀፎውን፣ መዝጊያውን ይጠራና መጨረሻ ላይ «የተኩስ ድምፅን ለመቀነስ የተሠራ ወይም የተስተካከለ ማንኛውም መሣሪያ» የሚል ሐሳብ ይጨምራል። ያ በጨርቅ የተጠቀለለ ቱቦ ማለት እኮ ነው! ሕገ መንግሥታችን ደግሞ በአንቀጽ 9 ንዑስ አንቀጽ 4 ኢትዮጵያ ያጸደቀቻቸው ስምምነቶች የሀገሪቱ ሕግ አካል ናቸው ይላል። እንግዲያው ዕቃው ባዶ ቱቦ ነው የሚለው ክርክር ብዙ ርቀት አይወስድም።

ቀጥሎ የልጁ ዋና ጥያቄ ይመጣል፤ «መሣሪያ አልሠራሁ፣ ስንጥቅ ነው የምደፍነው።» መጠገን መሥራት ነው ወይ?

እስቲ ወደ ሐይቁ እንሂድ። አሞራ ገደል ያሉትን ጀልባዎች ታውቋቸዋላችሁ። ዓሣ አጥማጁ ዘንድሮ አንድ ሳንቃ ይቀይራል፣ በሚቀጥለው ዓመት ሌላ። ከዓመታት በኋላ ከመጀመሪያው ጀልባ አንድ እንጨት አይቀርም። ያው ጀልባ ነው ወይስ አዲስ? ባለቤቱን ብትጠይቁት «የአባቴ ጀልባ ነው» ይላችኋል። እውነቱን ነው። ለጀልባ ማንም አይጨነቅም።

ለመኪና ግን እንጨነቃለን። መብራቱን ቀይሩ፣ ፍሬኑን ቀይሩ፣ ማርሚታውን አሥር ጊዜ አስበይዱ፤ ማንም አይጠይቃችሁም። ሞተሩን ስትቀይሩ ግን ሊብሬያችሁ ላይ የተጻፈው የሞተር ቁጥርና በመኪናው ላይ ያለው አይገጥምም፤ መንገድ ትራንስፖርት ሄዳችሁ ማስታወቅና ማስመዝገብ አለባችሁ። ሻንሲው ከተነካ ነገሩ የባሰ ነው። ለምን? ሕጉ የሚያውቀው መኪናውን ሳይሆን ቁጥሩን ስለሆነ ነው። ቁጥሩ ያለበት አካል ሲለወጥ በሕግ ዓይን ያ መኪና ሌላ መኪና ሊሆን ይችላል።

የመሣሪያ ሕግም በዓለም ዙሪያ የሚሄደው በዚሁ መንገድ ነው። ፕሮቶኮሉ «ሕገ ወጥ ማምረት» ሲል ከባዶ መፈብረክን ብቻ አይደለም፤ መገጣጠምንም ይጨምራል። ያለ ፈቃድ ሲሆን፣ ወይም ሲሠራ ምልክት ሳይደረግበት ሲቀር፣ ወይም ክፍሎቹ በሕገ ወጥ መንገድ የመጡ ሲሆኑ ሕገ ወጥ ይሆናል። እኛም የገባንበት የ2004 እ.ኤ.አ. የናይሮቢ ፕሮቶኮል የታላላቅ ሐይቆችንና የአፍሪካ ቀንድ አገሮችን መሣሪያዎቻቸውን ምልክት እንዲያደርጉና እንዲመዘግቡ ያስገድዳል። የሁሉም ጥያቄ አንድ ነው፤ ይህ ዕቃ የማን ነው፣ ከየት መጣ፣ ቁጥሩ የታለ?

ይህን መስመር እስከ መጨረሻው የገፋችው አሜሪካ ናት። እዚያ ድምፅ መቀነሻ ከ1934 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በፌዴራል ሕግ የሚመዘገብ ዕቃ ነው። ያኔ የተጣለው የ200 ዶላር ግብር በጊዜው ከዕቃው ዋጋ በላይ ነበር። ከ2026 መጀመሪያ ጀምሮ ግብሩ ዜሮ ሆኗል፤ ምዝገባው ግን አልተነሣም። የሚገርመው ትርጓሜው ነው። ድምፅ መቀነሻን ለመሥራት ብቻ የታሰበ አንድ የውስጥ ክፍል ራሱን ችሎ እንደ ሙሉ ድምፅ መቀነሻ ይቆጠራል። ስለዚህ በሕግ ያስመዘገበ ባለቤት እንኳ «ቢሰበርብኝ» ብሎ መለዋወጫ ገዝቶ መሳቢያው ውስጥ ማስቀመጥ አይችልም፤ ያ ሁለተኛ፣ ያልተመዘገበ ዕቃ ነው። ጥገናው ፈቃድ ወዳለው አምራች ይሄዳል። የውስጡ ሲቀየር ያው የድሮው ነው። ቁጥሩ የተቀረጸበት የውጭው ቀፎ ሙሉ በሙሉ ከተቀየረ ግን፣ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ለረጅም ጊዜ በያዘው አቋም፣ ጥገና መሆኑ ያበቃና አዲስ እንደ መሥራት ይታያል። የሞተርና የሻንሲው ነገር ነው፤ ቁጥር ያለበትን አካል ከነካህ ሠሪ ሆንክ።

ይሄን ስሰማ መጀመሪያ የማይረባ ጥንቃቄ መስሎኝ ነበር። ኋላ ግን አንድ ነገር ገባኝ። እዚያ ያለ በያጅ መስመሩ የት እንደሆነ ያውቃል። ጠበቃውም ያውቃል፣ ፖሊሱም ያውቃል። ቢከራከሩም በተጻፈ ነገር ላይ ይከራከራሉ። የእኛ በያጅ ግን ማታ ስልክ ደውሎ ጠበቃ ይጠይቃል፣ ጠበቃውም «ነገ ልንገርህ» ይለዋል።

መምህሮቻችን እዚህ ስላሉ ፈተና የምቀመጥ ያህል ልጠንቀቅ። የወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 2 ፍርድ ቤት በሕግ ያልተከለከለን ነገር እንዳይቀጣና በማመሳሰል ወንጀል እንዳይፈጥር ይከለክላል፤ መተርጎምን ግን አይከለክልም። ፕሮቶኮሉ ትርጉም ይሰጠናል እንጂ ለበያጁ የእስራት ዓመት አይቆርጥም፤ ቅጣት ከሀገር ውስጥ ሕግ መምጣት አለበት። ስለዚህ አንድ ተከላካይ ጠበቃ «ስንጥቅ መድፈን ማምረት አይደለም፤ በማመሳሰል አትቅጡት» ብሎ ቢከራከር ባዶ ክርክር አይደለም። እኔም ብሆን እከራከራለሁ።

ነገር ግን፣ ወገኖቼ፣ ይሄን ክርክር የምናሸንፈው መቼ ነው? ልጁ ከተያዘ በኋላ፣ ምናልባትም ወራት ታስሮ፣ ሱቁ ተዘግቶ ነው። ደግሞ ዐቃቤ ሕጉ ወደ «ማምረት» መሄድ እንኳ አያስፈልገው ይሆናል። «መያዝ» የሚለው አለ። ዕቃው ሱቅህ ውስጥ ለአንድ ሰዓት ካደረ ይዘኸዋል። የበየድክበት ጠረጴዛ ላይ ከተገኘ የማን እንደሆነ የምታስረዳው አንተ ነህ። ሰውየው እንደሆነ ስሙንም አልነገረህ።

ቀጥሎ ሐሳቡ ይመጣል፤ አወቀ ወይስ አላወቀም? ይሄ ትምህርት ክፍል ውስጥ የደከመን ነገር ሕይወት ላይ ሲመጣ እንዴት እንደሚጣፍጥ ልንገራችሁ። አንቀጽ 80 በፍሬ ነገር መሳሳትን ይመለከታል። በያጁ ከልቡ ማርሚታ መስሎት ቢበይድ፣ የሚዳኘው እሱ ባመነበት ሁኔታ ነው፤ ማርሚታ መበየድ ደግሞ ወንጀል አይደለም። አንቀጽ 81 ግን ሕግን አለማወቅን ይመለከታል። «ድምፅ መቀነሻ መሆኑን አውቄ ነበር፤ መጠገን የሚከለከል ግን አልመሰለኝም» ካለ፣ ያ በመሠረቱ መከላከያ አይሆንም፤ በቅን ልቦና ለማመኑ በቂ ምክንያት ካለው ቅጣቱን ሊያቀልለት ይችላል እንጂ።

እናም ልጁ ስልክ ላይ ምን እንዳለኝ አስታውሱ። «የሚሸተው ባሩድ ነው።» ያቺን ዓረፍተ ነገር በተናገረባት ቅጽበት ከአንቀጽ 80 ወጥቶ አንቀጽ 81 ውስጥ ገባ። ከዚያ በኋላ «ማርሚታ ነው ብሎኝ ነበር» ማለት አይችልም። ሰውየው ብሎት ይሆናል፤ እሱ ግን አላመነም። ዝም ብሎ «የመጣው ይምጣ» ብሎ ቢበይድ ደግሞ፣ አንቀጽ 58 ሊሆን እንደሚችል እያወቀ የሚያደርግን ሰው አስቦ እንዳደረገ ይቆጥረዋል። ጥሩ ባለሙያ መሆኑ ራሱ ያስጠይቀዋል። ሰነፍ በያጅ ቢሆን ኖሮ ልዩነቱን አያውቅም ነበር!

እና በማግሥቱ ጠዋት ሱቁ ሄጄ የነገርኩት ይሄን ሁሉ አይደለም። አንቀጽ ቢነግሩት ምን ያደርግለታል? ያልኩት ሦስት ነገር ነው። «አትንካው። ሱቅህ ውስጥ አታሳድረው። ሲመጣ ‹ፈቃዱን አሳየኝ› በለው።»

ሰውየው መጣ። ልጁ እንደነገርኩት ጠየቀው። ሰውየው ሣቀ፣ «ለአንድ ቱቦ?» አለው፣ ጨርቁን ጠቅልሎ ወጣ፤ አልተመለሰም። ልጁ ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ አጣ። «ሌላ ቦታ አስበይዶት ቢሆንስ ጋሼ? ያ ዕቃ ለምን ተፈለገ?» አለኝ። እኔ ስለ ልጁ እንጂ ስለዚያ አላሰብኩም ነበር። ለአካባቢው ፖሊስ እንናገር ያለው እሱ ነው፤ እኔ አብሬው ሄድኩ። የሕጉን አንቀጽ ያወቅሁት እኔ ብሆንም፣ ሕጉ ለምን እንደወጣ ቀድሞ የገባው ለእሱ ነው።

እንግዲህ ከዚህ ተነሥቼ ለዚህ ጉባኤ ሦስት ነገር ልለምን። ሁላችንም የዚህ ግቢ ልጆች ነን፤ ግቢው በ1968 ዓ.ም. በእርሻ ኮሌጅነት ሲጀምር ጀምሮ ዕውቀቱን ወደ ገበሬው ማሳ ይዞ መውጣት ልማዱ ነው። አሁን ደግሞ ወደ ብየዳ ቤቱ ይዘነው እንውጣ።

አንደኛ፣ ለሕግ ትምህርት ቤታችን። ነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከሎቻችን በፍቺና በውርስ ብዙ ሰው ረድተዋል። ለብየዳ ቤቶች፣ ለቶርኖ ቤቶች፣ ለጋራዦች አንዲት ገጽ ወረቀት ያዘጋጁልን። በአማርኛና በሲዳምኛ፣ ያለ አንቀጽ፣ ግድግዳ ላይ የምትለጠፍ። «ይህ ዕቃ ከመጣብህ እንዲህ በል» የምትል።

ሁለተኛ፣ ለምሕንድስና መምህሮቻችን። ተማሪዎቻችሁን ብረት መቁረጥና መበየድ ታስተምራላችሁ። የአንድ ሰዓት ትምህርት ጨምሩላቸው፤ የትኛውን ሥራ «አልችልም» ሳይሆን «አልሠራም» እንደሚሉ።

ሦስተኛ፣ ሕግ በማርቀቅና በማስፈጸም ሥራ ላይ ላላችሁ፤ እዚህም ተቀምጣችሁ አያችኋለሁ። መጠገን የት ያበቃል፣ መሥራት የት ይጀምራል የሚለውን መመሪያ ላይ በግልጽ ጻፉልን። ቁጥር ያለበት አካል ሲቀየር ምን እንደሚሆን፣ ፈቃድ ያለው ሰው የተሰበረበትን ዕቃ የት ወስዶ እንደሚያሠራ፣ ከጥቅም ውጭ የሆነው ለማን እንደሚመለስ ይታወቅ። በሕግ የያዘ ሰው የሚጠገንበት ሕጋዊ ቦታ በቀላሉ ካላገኘ፣ ዕቃውን በጨርቅ ጠቅልሎ ወደ ልጁ ሱቅ ይመጣል። ግልጽ ያልሆነ ሕግ ሁሌም የሚወድቀው ጠበቃ ከሌለው ሰው ላይ ነው።

ሃያ ደቂቃዬን ሳልጨርስ አልቀረሁም፤ አንድ ሁለት ሰውም አስተኝቻለሁ፤ ከዚህ ይታየኛል። ያ ልጅ ዛሬም እዚሁ አካባቢ ይሠራል። ስትመለሱ መኪናችሁ ከጮኸ ማርሚታውን እሱ ዘንድ አሳዩት። ቶሎ ይሠራላችኋል፣ ዋጋውም ደህና ነው። ብቻ አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ከመበየዱ በፊት አሁን አሁን ቱቦውን አንሥቶ ያሸታል።